ለሚደመጥ ተረት የሚሳል ሥዕል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ከሐረርና ከድሬዳዋ ዙሪያ የተሰበሰቡ ተረቶች በየሳምንቱ በድምፅ ሲወጡ የእያንዳንዱን ክፍል ሽፋን የምሠራው እኔ ነኝ። ተራኪዎቹ ሐረሪ፣ ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አርጎባና አማራ ናቸው፤ አብዛኞቹ በዕድሜ እናቶቼ ይሆናሉ። ሥራዬን የሰማ ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ከሞላ ጎደልም የተሳሳተ። አንዳንዱን ስሕተት እኔም ለዓመታት እንደ እውነት ይዤው ኖሬአለሁ።

«ለሚደመጥ ነገር ሥዕል ምን ያደርጋል?»

ተረቱ ከመደመጡ በፊት መከፈት አለበት። የሚከፈተው በጣት ነው፤ ጣት ደግሞ ዓይን ወደ ወደደው ይሄዳል። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

«ሽፋኑ የተረቱን ትልቁን ትዕይንት ማሳየት አለበት»

ይህን እኔም አምን ነበር። በሶማሌዎች ዘንድ ተራኪው «ሼኮ ሼኮ» ሲል አድማጩ «ሼኮ ሐሪር» ብሎ ይቀበለዋል፤ የሐር ተረት እንደ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከሚነገሩት አንዱ የደግዴር ተረት ነው። ደግዴር ሰው የምትበላ ሴት ናት፤ ስሟ «ረጅም ጆሮ» ማለት ሲሆን በዚያ ጆሮዋ የመንገደኛን ኮቴ ከሩቅ ትሰማለች። እኔም ሙሉ አድርጌ ሣልኳት፦ ጥርሷን፣ ጥፍሯን፣ አገጯ ላይ የደረቀውን ደም ሳይቀር። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ኮራሁበትም። የጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሥዕሉን እያየ ተረቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠና «እሷ ግን ከዚህ ትበልጣለች» አለኝ።

ልጁ ልክ ነበር። ተራኪዋ በድምፅዋ ያስነሳችለትን ፍጡር እኔ በአራት ማዕዘን ውስጥ አስሬ አሳንሼበት ነበር። በሁለተኛው ሥዕል ላይ ደግዴር የለችም። የሚታየው የአቃል ውስጥ ነው። አቃል አርብቶ አደሮቹ ሶማሌዎች በታጠፈ እንጨትና በሰሌን የሚሠሩት፣ ሴቶቹ የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ ጉዞ ሲሆን በግመል የሚጫን ቤት ነው። በመግቢያው በኩል የጨረቃ ብርሃን ወድቋል፤ በብርሃኑ ላይ አንድ ረጅም ጥላ አለ። ጥላው የቅርንጫፍ ይሁን የጆሮ አይለይም። ሥዕሉ ሁሉን ከተናገረ ለተራኪዋ ምን ይቀራታል? ከዚያ ወዲህ የምሥለው ነገሩ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለውን ቅጽበት ነው።

«የምሥራቅ ተረት ከሆነ የጀጎልን በር ሣልለት»

ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የጥንቱ የሐረር ከተማ፣ በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ግንቡና በሩ የሁሉም ነገር ምልክት ሆኗል፤ የቡና ማሸጊያውም፣ የሆቴሉ ግድግዳም፣ የተረቱ ሽፋንም እሱ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ግመሉን ተከትሎ ቆላ የሚውል እረኛ ግንብ የለውም፤ ተረቱም ግንብ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ጀጎል የሚገባው ተረት ሲመጣ እንኳ በሩ ይሳሳታል። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው። ብዙ ሠዓሊ ግን ፎቶግራፍ ሲፈልግ የሚያገኘው ሐረርን ይገዙ ከነበሩት አሚሮች ዘመን በኋላ የተጨመረውን ስለሆነ አሚሩን ከነአጃቢው በዚያ ያስገባዋል። የድሬዳዋውም ያው ነው፦ ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ሆና ሳለ «ድሮ ድሮ» ተብሎ ከሚጀምር ተረት ጀርባ የባቡር ጣቢያው ለገሀር ተሥሎ አይቻለሁ።

ከበሩ ይልቅ ቤቱ ብዙ ይናገራል። በሐረሪዎች ቤት ትልቁ ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ደረጃ ደረጃ የሆኑ መቀመጫዎች አሉ፤ አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱ ስምና የሚቀመጥበት ሰው አለው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ማን የት እንደተቀመጠ የሚያየው ሐረሪ፣ አንድ ቃል ሳይሰማ የእንግዳውን ክብር ያውቃል። እኔ አንድ ጊዜ ለማኙን ከአሚር ነደባ ላይ አስቀምጬው ብዙ ሰው ስቆብኛል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍም አለ፤ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። የሙሽራ ተረት ለሚሥል ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣለታል? ይህ ሁሉ ቀርቶ ጀጎል ውስጥ የሣር ክዳን ጎጆ የተከሉም አሉ። የጀጎል ቤት የድንጋይ፣ ጣራውም ጠፍጣፋ ነው።

«የኢትዮጵያ ሥዕል ማለት ትልልቅ ዓይን ነው፤ በዚያ ሣል»

ትልልቅ ዓይኖች ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትልቅ ጥበብ ነው፤ የራሱም ሕግ አለው። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው የሐረሪ አያትን በጎን ቢሥላት ምን ብሎ እንደጠራት ይገባዋል። ምሥራቁ የራሱ የሆነ የሚታይ ነገር የለውም ብሎ ማሰብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው። ከድሬዳዋ ብዙ ሳይርቅ ለገ ኦዳ የሚባል ዋሻ አለ፤ በአለቱ ላይ ከብቶችና ሰዎች ተሥለዋል። ሐረር በእጅ በተጻፈ ቁርዓንና በመጽሐፍ ድጉሰት የታወቀች ናት። የሴቶቹ ስፌትማ በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ የሽፋኖቹን ጠርዝ የምወስደው ከስፌቱ ነው፤ ለኦሮሞዎቹ የከብት ተረት ደግሞ የለገ ኦዳን ላም ቅርጽ ተጠቅሜአለሁ።

«ጅብ ያው ጅብ ነው»

አያ ጅቦ በአማርኛ ተረት ሆዳምና ሞኝ ነው፤ አህያ ታታልለዋለች፣ ቀበሮ ትቀልድበታለች። ሐረር ላይ ግን ጅብ ጎረቤት ነው። በግንቡ ሥር ለመግቢያው ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለው፤ በእስልምናው የአሹራ በዓል ሌሊት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ ከበላው ዓመቱ ጥሩ ይሆናል ይባላል። ስሙ እንኳ በሦስቱ ቋንቋዎች ዘመድ ነው፦ ሐረሪው ወራባ፣ ኦሮሞው ወራቤሳ፣ ሶማሌው ወራቤ ይለዋል። እንግዲህ ምራቁን የሚያዝረበርብ አውሬ ሥሎ ለሐረር ተረት መለጠፍ ጎረቤትን እንደ መስደብ ነው።

አካሉም ይሳሳታል። የሐረር ጅብ ነጠብጣቡ ነው፦ ጆሮው ክብ፣ የፊት እግሩ ከኋላው የረዘመ፣ ጀርባው ወደ ጭራ ያዘቀዘቀ። ጆሮው ሾጣጣ፣ ገላው ዥንጉርጉር መስመር የሆነው ሌላ ዝርያ ነው፤ ሠዓሊዎቻችን ከኢንተርኔት እየገለበጡ የሚያመጡት ግን እሱን ነው። መንጋውን የምትመራውም ሴቷ ናት፤ በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «እሜቴ ጅቦ» የሚል ተረት እየጠበቅሁ ነው።

«ኮምፒውተር ላይ ካማረ ስልክ ላይም ያምራል»

የድምፅ ተከታታዮች የሚወጡበት አፕል ፖድካስትስ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ሥዕል ይፈልጋል፤ ቢያንስ 1400 በ1400፣ ቢበዛ 3000 በ3000 ፒክስል። ዩቲዩብ 1280 በ720 ይላል፤ ከታች በቀኝ ጥግ ላይ የደቂቃውን ቁጥር ይለጥፍበታል። ቴሌግራም የቻናሉን ምስል በክብ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጥግ ላይ የተሳለ ነገር ሁሉ እንደሌለ ይቆጠር። 3000 ፒክስል የተለፋበት ሥዕል በመጨረሻ ስልክ ላይ የሚታየው በጣት ጫፍ ስፋት ነው። እኔ እያንዳንዱን ንድፍ የአንድ ብር ሳንቲም እስኪያህል አሳንሼ ክንዴን ዘርግቼ አየዋለሁ፤ ካልለየሁት እሰርዘዋለሁ።

ከሁሉ የሚጎዳው ፊደላችን ነው። የላቲኑ ፊደል አናባቢውን ለብቻው ይጽፋል፤ የእኛ ግን በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው የሚለየው። «ጅቡና ሙሽራዋ» ብዬ በቀጭን ፊደል ጽፌ ሳሳንሰው «ጅቢና» ሆነ። ቡ ቅጥያዋ ከጎኗ መካከል ላይ ነው፣ ቢ ከእግሯ ሥር፤ ሲያንሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። መፍትሔው ወፍራም ፊደል፣ ከሦስት ቃል ያልበለጠ ርዕስና ጸጥ ያለ መደብ ነው። ሥዕል የሚያመነጩትን አዳዲስ ፕሮግራሞች የሚመክሩኝም አሉ። የሚያወጡት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ፊደል ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን የማንም ፊደል አይደለም።

«ተረት የልጆች ነው»

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ለጫት በርጫ የተቀመጠበትን ቤት ሁሉ አንኳኩ፤ ተረቱን ማን እንደሚያዳምጥ ታያላችሁ። የባጃጅ ሾፌሮችም አሉ። ሽፋኑን ጉንጫቸው ቀይ በሆነ ሕፃናት ከሞላነው እነዚህ አይከፍቱትም።

«ተረት ባለቤት የለውም፤ ሥዕሉም የማንም ነው»

ተረቱ የሕዝብ መሆኑ እውነት ነው። ሥዕሉ ግን የሠራው ሰው ነው፤ የተቀረጸው አተራረክም የተራኪዋ ነው፤ ሁለቱንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያውቃቸዋል። ከአዋጁ በፊት ደግሞ ይሉኝታ አለ። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ያወጉንን የሐረር እናት መልካቸውን ልሥል ፈቃድ ስጠይቃቸው «ፊቴን ተወው ልጄ፣ እጄን ሣል» አሉኝ። እሺ ብዬ ስፌት ሲሰፉ እጃቸውን ብቻ ሣልኩ፤ ጣታቸው ላይ ያለውን ሂናም አልረሳሁም። ሥዕሉን ወስጄ አሳየኋቸው። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ወስፌውን ለምን በግራዬ አስያዝከኝ?» አሉ። እዚያው ፊታቸው ሥዕሉን ገለበጥኩት፤ ርዕሱን በኋላ አዲስ ጻፍኩበት።