«ኩላንት ለበረዶ አገር ነው» እና ሌሎች በየሳይቱ የሰለቹኝ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ፎርማን ደወለልኝ። ኤክስካቫተሩ እየሞቀ አላሠራ ብሎታል። «ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኩት። «ውሃ ነዋ» አለኝ። «ኩላንትስ?» ስለው «ኧረ እኛ አገር በረዶ አለ እንዴ!» ብሎ መለሰልኝ።

ይህን መልስ ከሃያ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ከኦፕሬተር፣ ከባለንብረት፣ ይባስ ብሎ ከመካኒክም ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን መረረኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ በዝርዝር ልጻፈው። በየሳይቱ የሚደጋገሙ ሌሎች ስህተቶችንም አነሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ኩላንት፣ ማለትም ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚደባለቀው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ።

«ኩላንት ለበረዶ አገር ነው»

ሰው ለምን እንደሚሳሳት ይገባኛል። ጀሪካኑ ላይ ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ያንን ያየ ሰው የፈረንጅ አገር ዕቃ ነው ብሎ ይደመድማል። ውሃው በረዶ እንዳይሆን ማድረግ በእርግጥ አንዱ ሥራው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን አካባቢ የሠራ ሰው የሌሊቱን ውርጭ ያውቀዋል፤ እሱንም አይንቀውም።

የእኛ አገር ችግር ግን በዋናነት መፍላት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የናፍታ ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል ይሠራል። ታዲያ ውሃው ለምን አይፈላም? ክዳኑ ስለያዘው ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ ይይዛል። ግፊት ያለበት ውሃ እዚሁ አዲስ አበባም ቢሆን እስከ 110 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳይፈላ ይቆያል።

አሁን የክዳኑ ጎማ አለቀ እንበል። ወይም ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በላስቲክና በጨርቅ ታሰረ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ያ ሞተር ምንም ሳይጎድለው ይፈላል። ባለቤቱም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊያስወርድ ጋራዥ ይመጣል። የጎደለው ግን አንድ ክዳን ነው። ኩላንት ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ የመፍያውን ነጥብ ወደ 7 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ደጋ ላይ 7 ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው።

ውሃው ራሱስ ከየት ነው የሚቀዳው? ከቦኖ፣ ከወንዝ፣ ከጉድጓድ። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያውቃል። ያው ድንጋይ ሞተሩ ውስጥም ይጋገራል። ሞተሩ ውስጥ ሲጋገር ግን ማንም አያየውም። ብረቱና ውሃው መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይገባል፤ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ስለዚህ ኩላንት ሲበጠበጥ እንኳ ውሃው የተጣራ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። ትልቁ ካሚቻ ላይ ነው።

ፒስቶን የሚመላለስበትን ቱቦ ነው ካሚቻ የምንለው። በብዙዎቹ የኮንስትራክሽን ማሽኖች የካሚቻው ጀርባ በቀጥታ ውሃ ይነካል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይተኩሳል። በእያንዳንዱ ተኩስ ፒስቶኑ ካሚቻውን ወደ ጎን ይመታዋል። ካሚቻው እንደ ደወል ይንቀጠቀጣል። ጀርባው ከውሃው ለቅጽበት ሲሸሽ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ። ተመልሶ ሲመጣ አረፋዎቹ ብረቱ ላይ ይፈርሳሉ። የአንዱ አረፋ ምት ኢምንት ነው። ሺህ ጊዜ በደቂቃ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ ሲሆን ግን ብረት ይበሳል። ለከባድ ናፍታ ሞተር የተሠራ ኩላንት የካሚቻው ጀርባ ላይ ስስ ሽፋን የሚፈጥር መድኃኒት አለው። አረፋው ያንን ሽፋን ይመታል፣ ሽፋኑ መልሶ ይተካል፣ ብረቱ ይተርፋል። በባዶ ውሃ ይህ ሽፋን የለም።

ከዓመታት በፊት አፋር ውስጥ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ሎደር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ተገኘ። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ወዲያው «ኦፕሬተሩ አፍልቶት ጓርኒሲዮን አቃጠለ» ተባለ፤ ጓርኒሲዮን በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ልጁ «አላፈላሁም» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ማንም አልሰማውም፤ ተባረረ። ሞተሩን ፈትተን ስናየው ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው። ካሚቻዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የአራተኛው ጀርባ በአንድ ጎኑ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። በባትሪ ሳበራበት ብርሃኑ በውስጥ በኩል ወጣ። ካሚቻውን ተሸክሜ ቢሮ ድረስ ሄድኩና አሳየኋቸው። አዩት፣ ገረማቸው፣ አዲስ ካሚቻ ታዘዘ። ልጁን ግን የጠራው የለም። ሁለት ልጆች ነበሩት። ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የማሽኑ መጽሐፍ የሚያዝዘውን ዓይነት ይግዙ። በቀለም አይመኑ፤ አረንጓዴና ቀይ የፋብሪካ ምርጫ ነው፣ የዓይነት ማረጋገጫ አይደለም። የተለያዩ ዓይነቶችን አይደባልቁ። «ንጹሑን ብሞላው ይሻላል» የሚሉም አሉ፤ አይሻልም። ያልተበጠበጠ ኩላንት ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከድብልቁ ያነሰ ነው። እኩል በእኩል ይበቃል። በየጊዜው ውሃ ብቻ እየጨመሩ መሄድም መድኃኒቱን አቅጥኖ ያጠፋዋል፤ የተበጠበጠ በጀሪካን ይቀመጥ።

አደራ፣ ኩላንትን በሃይላንድ አያስቀምጡ። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ መርዝ ነው። ኩላሊት ይገድላል። ሳይት ላይ የተጠማ ሰው ሃይላንድ ሲያይ ለማሽተት እንኳ አይሞክርም፣ ይጨልጠዋል።

«ካልተንተከተከ ክዳኑን መክፈት ይቻላል»

ይህኛው ሰው ያቃጥላል። አንድ ረዳት ነበረን፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሕንጻ መሠረት ቁፋሮ ላይ ማሽኑ ሲሞቅ ሊያይ ወጣ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «አልፈላም» አለና ክዳኑን በጨርቅ ይዞ አዞረው። ከአገጩ እስከ ደረቱ ተላጠ።

ልጁ አልዋሸም፤ ውሃው አልፈላም ነበር። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ 105 ዲግሪ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋል፣ የመፍያው ነጥብም ወደ 92 ይወርዳል። ያን ጊዜ የመፍያውን ነጥብ አልፎ የተቀመጠው ውሃ ባንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጥና የቀረውን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ጆሮ አይጠቅምም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ ክዳኑ በባዶ እጅ ሲያዝ የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ይከፈታል።

የሙቀት ጌጁ መውጣት ሲጀምር ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት። ሥራውን ያቁሙ፣ ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር ያዙሩት፣ ፋኑ ያብርደው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ከፈሰሰ ግን ያኔውኑ ያጥፉ። ያን ጊዜ ጌጁንም አይመኑት፤ ውሃ ሲያጣ የሚለካው አየር ነውና ዝቅ ሊል ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ቴስታታ መሰንጠቅ ነው።

«ሃይድሮሊክ የሚያፈስበትን ቦታ በእጅ ዳብሶ ማግኘት ይቻላል»

የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ባር ያህል ነው። የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ከ300 ባር ያልፋል። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ጓንት አልፎ ቆዳ ይበሳል። የሚያታልለው ነገር ቁስሉ ነው። የትንኝ ንክሻ ያህላል፣ ብዙም አያምም። ሰውዬው ጠርጎት ሥራውን ይቀጥላል። ከሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል፣ ይጠቁራል። ውስጥ የገባው ዘይት ሥጋውን እየገደለው ነው።

ይህ ሲደርስ «ነገ አየዋለሁ» አይባልም። ያኔውኑ ሆስፒታል ይኬዳል። ለሐኪሙም «ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ተብሎ በግልጽ ይነገር፤ ቁስሉን ብቻ ካየ ፕላስተር ለጥፎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው። የሚያፈሰውን ለማግኘት ካርቶን በረዥሙ ይዞ ቱቦው ላይ ማሳለፍ ይበቃል፤ ካርቶኑ ይረጥባል። ቱቦ ከመፍታት በፊት ደግሞ ባኬቱ (የማሽኑ አካፋ) መሬት ይንካ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቅሰው የቀረው ግፊት ይውጣ።

«ባኬቱ በሃይድሮሊክ ስለተያዘ አይወርድም»

አንድ ቱቦ ከፈነዳ ይወርዳል። ሥሩ አይገባም። በቃ።

«ቢገለበጥ እዘላለሁ፣ ቀበቶ ይይዘኛል»

ሮለርና ሎደር ሲገለበጡ ሰው ለመዝለል ጊዜ የለውም። የዘለለውም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ማሽኑ በሚያርፍበት በኩል ነው። ያ ከላይ ያለው የብረት አጥር የተሠራው ውስጡ ለሚቀር ሰው ነው፤ ውስጥ የሚያስቀረው ደግሞ ቀበቶው ነው። ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው።

ስለ ሞተር ጥገና የምሰማቸውን በአጭሩ ላንሳ። «የአየር ፊልትሮ በኮምፕረሰር ተነፍቶ ይጸዳል» ይላሉ፤ ከፍተኛ ግፊት ወረቀቱን ይቀዳዋል፣ ጎማ ላይ መቀጥቀጥም እንዲሁ። በዚያች ቀዳዳ የሚገባ አቧራ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) እና ካሚቻ ይፈጫል፣ የፊልትሮው ዋጋ የሞተር እድሳት ዋጋ ይሆናል። «ዘይቱ ጠቁሯል፣ ተበላሽቷል» ይላሉ፤ የናፍታ ሞተር ዘይት በተቀየረ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል፣ የሚቀየረው በሰዓት መቁጠሪያው ነው። «ሥራ ካለቀ ቁልፉን ማጥፋት ነው» ይላሉ፤ ቱርቦ ያለው ማሽን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያለ ጭነት ይዙር፣ አለዚያ የጋለው ቱርቦ ዘይት ይቋረጥበታል። «ናፍታ ጠዋት ይሞላል» ይላሉ፤ ማታ ይሙሉት፣ ባዶ ታንከር ሌሊት ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

«ትንሽ ሞተር ናት፣ ጭሷ ምን ታደርጋለች?»

ከኩላንት ቀጥሎ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ መተኛት እንደሚገድል እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። የቤንዚን ፓምፕ፣ የጄኔሬተር፣ የመደልደያ ማሽን ጭስ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። በጉድጓድ፣ በጥልቅ ቦይ፣ በምድር ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበትነው ነፋስ የለም።

ሰዎች ፓምፑን ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዱት በስንፍና አይደለም። ላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ከ7 ሜትር ገደማ በላይ ውሃ መሳብ አይችልም፤ ደጋ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሲጠልቅ ፓምፑን በገመድ ያወርዱታል፣ ሞተሩን የሚያስነሳ ሰው ይወርዳል። ራሱን ያዞረዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፤ እሱም እዚያው ይወድቃል። ከላይ ያላችሁ ሰዎች አትግቡ። የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ ይጠራ።

ለጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ፤ በኪራይም ይገኛል። ጄኔሬተሩ ከጉድጓዱ አፍ ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ በማይነዳበት በኩል ይቀመጣል። የሚወርደው ፓምፑና ገመዱ ብቻ ነው።