የኢንቨርተር ሪፕል ምንድን ነው?

ጅማ ላይ መብራት ሲሄድ ሕርማታ አካባቢ ያለ ጀበና ቡና ቤት የ1000 ዋት ምድጃውን በ24 ቮልት ባትሪና የባትሪውን ቀጥተኛ ከረንት (ዲሲ) ወደ ተለዋዋጭ (ኤሲ) በሚቀይር ኢንቨርተር አስነሳ እንበል። ብክነቱን ከተውነው ከባትሪው በአማካይ 42 አምፔር ይወጣል። የሚወጣው ግን ቀጥ ብሎ አይደለም። በ50 ሄርዝ ኤሲ ላይ ምድጃው የሚስበው ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፣ 100 ጊዜም የአማካዩን እጥፍ ይደርሳል። ኢንቨርተሩ ይህን ካልያዘው የባትሪው ከረንትም አብሮት ከ0 እስከ 84 አምፔር ይዋዥቃል። ሪፕል የሚባለው ይህ መዋዠቅ ነው። አማካዩ ባይለወጥም አርኤምኤሱ (ሙቀቱን የሚወስነው ውጤታማ መጠን) 51 አምፔር ይደርሳል፤ ኬብሉና የባትሪው ውስጥ የሚባክነው ሙቀትም አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል።

ትራንዚስተሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ በመውጫው ኮይል ላይ የሚፈጠር ሌላ ሪፕልም አለ፤ እሱ ብዙ አያስቸግርም። 400 ቮልት ባስ (የኢንቨርተሩ የውስጥ ዲሲ መስመር)፣ 2 ሚሊሄንሪ ኮይልና 20 ኪሎሄርዝ ስዊቺንግ ካለ፣ በባይፖላር ፒደብሊውኤም (ትራንዚስተሮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ እያረዘሙና እያሳጠሩ ሞገድ የመቅረጽ ዘዴ፤ ባይፖላሩ በ+400 እና በ-400 መካከል ይቀያይራል) ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 5 አምፔር ይሄዳል። የመቆጣጠሪያውን ኮድ ወደ ዩኒፖላር (በዜሮና በ400 መካከል ብቻ ወደሚቀያይረው) መቀየር ብቻ 1.25 ላይ ያወርደዋል።

የ100 ሄርዙን ግን ማጥፋት አይቻልም፤ የሚቻለው ቦታውን መምረጥ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ኢንቨርተር መጀመሪያ 24ቱን ቮልት ወደ 400 ከፍ አድርጎ ከዚያ 220 ኤሲ ይሠራል። በመካከል ያለው ካፓሲተር እንደ ሮቶ ነው፤ መውጫው ሲበዛ ይጎድላል፣ ሲያንስ ይሞላል። 470 ማይክሮፋራድ ከሆነ በ1000 ዋት ጭነት ባሱ ወደ 17 ቮልት ይወዛወዛል። ይወዛወዝ፤ ሥራው ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ባሱን 400 ላይ ድርቅ አድርጎ ለመያዝ የቮልቴጅ ሉፑን (ቮልቴጁን እየለካ የሚያርመውን የቁጥጥር ዙር) ፈጣን ሲያደርጉት ነው። ሉፑ ያንን 17 ቮልት እንደ ጥፋት ቆጥሮ ለማረም ከባትሪው ይስባል፤ ሪፕሉም ተመልሶ ባትሪው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከረንቱን የሚያርመው የውስጡ የከረንት ሉፕ ፈጣን ሆኖ የውጭው የቮልቴጅ ሉፕ ከ10 እስከ 20 ሄርዝ ላይ ይዘገያል፤ የባሱ ንባብም በ100 ሄርዝ ኖች ፊልተር (ያንን ድግግሞሽ ብቻ በሚያስቀር ማጣሪያ) ያልፋል።

መዘግየት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ምድጃው ድንገት ሲበራ ከባትሪው ምላሽ ካልመጣ ባሱ በ15 ሚሊሰከንድ ገደማ ከ311 ቮልት፣ ማለትም ከ220ው ጫፍ በታች ይወርዳል፤ ሞገዱም አናቱ ይቆረጣል። መፍትሔው የጭነቱን ኃይል ልክ በ10 ሚሊሰከንድ መስኮት አማክሎ በቀጥታ ወደ ከረንቱ ትእዛዝ መደመር ነው። 10 ሚሊሰከንድ የሪፕሉ አንድ ሙሉ ዙር ስለሆነ 100 ሄርዙ በአማካዩ ውስጥ ይጠፋል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሁለተኛው ደረጃ ነው፦ ፒደብሊውኤሙ ሲሰላ በቋሚ 400 ሳይሆን በዚያች ቅጽበት በተለካው የባስ ቮልቴጅ ካልተካፈለ፣ ውዝዋዜው መውጫው ላይ 150 ሄርዝ ሆኖ ይወጣል።

ለመፈተሽ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ኬብሉን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ይበቃል። ምድጃ ብቻ አብርተው የባትሪውን አንድ ኬብል በዲሲ፣ ቀጥሎ በኤሲ ይለኩ። ዲሲው 42 ሲል ኤሲው 30 አካባቢ ካሳየ ኢንቨርተሩ ሪፕሉን ጨርሶ አይከላከልም። ጥቂት አምፔር ብቻ ካሳየ ቁጥጥሩ እየሠራ ነው።