ስልክና መሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርድ እግረኛ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ወይም ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያነብ አሽከርካሪ ለማየት ብዙ አይደክምም። ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከር በአገራችን የትራፊክ ሕግ የተከለከለ መሆኑን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ያውቃል። ስለ ክልከላው የሚነገሩት ማሳበቢያዎች ግን አብዛኞቹ ውሃ አይቋጥሩም።

«ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ከሆኑ፣ በጆሮ ማዳመጫ ባወራ ምን አለበት?»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ መነሻውም ራሱ ሕጉ ይመስለኛል። ብዙ አገሮች በእጅ የተያዘን ስልክ ለይተው ሲከለክሉ፣ የትራፊክ ፖሊስ ከመንገድ ዳር ቆሞ ሊያይ የሚችለው እጅን እንጂ ሐሳብን ስላልሆነ፣ ድንጋጌው ለቁጥጥር የሚመች ሆነ፤ አሽከርካሪው ደግሞ ያልተከለከለውን ሁሉ አደጋ የሌለው አድርጎ ተረጎመው። በቶሮንቶ ስልክ በነበራቸውና ግጭት በደረሰባቸው 699 አሽከርካሪዎች ላይ ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በስልክ መነጋገር የግጭትን ዕድል ወደ አራት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው፣ በእጅ ሳይያዝ የሚያነጋግረው ስልክም የተሻለ ደኅንነት እንደማይሰጥ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ተመሳሳይ ነው። ሐሳቡ ከስልኩ ጋር የሄደ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን እግረኛ ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ደግሞ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

«ጋቢና ከተቀመጠው ሰው ጋር ማውራትስ ያው አይደለም?»

አይደለም። አጠገብ የተቀመጠው ሰው መንገዱን አብሮ ያያል፤ መስቀል አደባባይ ላይ ሰው ሲሻገር ካየ ወሬውን ያቋርጣል፣ አንዳንዴም ከአሽከርካሪው ቀድሞ «ኧረ ሰው!» ይላል። በስልክ ያለው ግን ምንም ስለማያይ፣ መልስ እስኪሰጠው መጠየቁን ይቀጥላል።

«መልእክት ማየት የሦስት ሰከንድ ጉዳይ ነው።»

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሦስት ሰከንድ ከ33 ሜትር በላይ ይሄዳል።

«ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ባነብ ማንንም አልጎዳም።»

በእንግሊዝ ሕግ መብራት ላይ መቆም ከማሽከርከር ስለሚቆጠር፣ በዚያ ቅጽበት ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀም ያስቀጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ሜክሲኮ አካባቢ ጥቂት ቆሞ መመልከት ይበቃል፦ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አንገቱን የደፋው አሽከርካሪ የሚነቃው ከኋላው በሚሰማው ክላክስ ነው፤ ደንግጦ ሲነሳም ማቋረጫውን ያልጨረሰች ሸክም የያዘች እናት ከፊቱ ልትኖር ትችላለች። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መስመር ዘግቶ መቆምም መፍትሔ አይደለም፤ መቆም በተፈቀደበት ስፍራ ዳር መያዝ ያስፈልጋል።

«ጥፋቱ የአሽከርካሪው ብቻ ነው።»

በሕግ ፊት ተጠያቂው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በመተግበሪያ ታክሲ ያዘዘ ሰው፣ መኪናው ወደ እርሱ ሲመጣ በስልኩ ካርታ ላይ እያየ፣ «የት ደረስክ?» ለማለት ሦስት ጊዜ ይደውላል። ያ ጥሪ የሚነሳው በማሽከርከር ላይ ነው።