የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕና የናፍጣ ሎኮሞቲቮቹ

የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ከዚራ ሠፈር ካለው የባቡር ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይዘልቅ የነበረው የ784 ኪሎ ሜትር መሥመር ዋና የጥገና ማዕከል ሆኖ ኖሯል። ከተማዋንም የወለዳት ይኸው ሐዲድ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ የነበረው መሥመር ዳገቱና ወጪው ስለከበደ በቆላው ቀረ፤ ሠፈሩም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የጣሊያን ዘመን በይበልጥ የሚታወሰው ሊቶሪና በሚባሉት፣ የራሳቸው ሞተር ባላቸው የመንገደኛ ባቡሮች ነው።

የወርክሾፑ ትልቁ ዘመን የናፍጣው ነው። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለው 310 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ ለእንፋሎት ባቡር የሚበቃ ውኃ የለውም፤ ናፍጣ ይህን ችግር ፈታ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የስዊዘርላንድ፣ ከዚያም የፈረንሳዩ አልስቶም ሎኮሞቲቮች መጡ። የናፍጣ ሞተሩ ጄነሬተር ያዞራል፤ ኤሌክትሪኩም ጎማዎቹን የሚነዱትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ሎኮሞቲቭ ቆሞ እንዳይቀር የድሬዳዋ ባለሙያዎች ከማይሠራው እየፈቱ፣ የጎደለውን በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) እያወጡ መሥመሩን በሕይወት አቆይተዋል። ይህን ያህል የብረት ዕውቀት በአንድ ግቢ የተከማቸበት ቦታ በአገራችን ጥቂት ነው።

የድሮ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ለሚያጠኑ ወይም ሞዴል ለሚሠሩ፣ ዘመንን የሚለየው ቀለሙ ሳይሆን የባለቤቱ ድርጅት ስም ምሕጻር ነው። «ሴ.ኤፍ.ኧ» በፈረንሳይኛ ፊደል የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ነው። «ሴ.ዴ.ኧ» ደግሞ ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የኢትዮ-ጅቡቲ ድርጅት ነው። ቀለም ግን በየጥገናው ይለወጣል፦ ዝገቱ ይፋቃል፣ ስርጉዱ በስቱኮ ይሞላል፣ አንቲሩጂን (ዝገት መከላከያ) ይቀባል፣ ዋናው ቀለም ከዚያ ይከተላል። ስለዚህ ላዩን አይቶ «የጃንሆይ ዘመን ነው» ማለት ያሳስታል። ቅርፊቱ በተነሳበት ቦታ ከሥር ያለውን ንብርብር፣ በብረቱ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ሰሌዳም መመርመር ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 በኦጋዴን ጦርነት መሥመሩ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ በአብዛኛው የመዳከም ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው አዲሱ የኤሌክትሪክ መሥመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የድሮው 1,000 ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሶቹ ባቡሮች በአሮጌው ሐዲድ ወደ ከዚራው ወርክሾፕ ሊገቡ አይችሉም፤ ጣቢያቸውም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው።