የጣት ነጻነት ምንድን ነው?

ፒያኖ ለሚጀምሩ ሰዎች ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ «የጣት ነጻነት» የሚለውን ያህል አላግባብ የሚሠራበት የለም ብል አላጋነንኩም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ አራተኛው ጣት (ከአውራ ጣት ጀምሮ ሲቆጠር የቀለበት ጣት) ሰነፍ እንደሆነ፣ ሌሎቹን አራት ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ተጭኖ ይዞ እርሱን ብቻ ደጋግሞ ወደ ላይ በማንሣት ማጠንከር እንደሚገባ፣ ጣትም ነጻ የሚወጣው በዚህ መንገድ እንደሆነ ሲያስረዳ አዳመጥኩ። ምክሩን የሰጠው በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ይህንኑ ምክር ተከትለው ክንዳቸው እንደ እንጨት ደርቆ ወደ እኔ የመጡ ተማሪዎች ጥቂት ስላይደሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቀኝ መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መሃል ጣትዎን ወደ ውስጥ ይጠፉትና ሌሎቹን አንድ በአንድ ለማንሣት ይሞክሩ። አውራ ጣት ይነሣል፤ ሁለተኛው ይነሣል፤ አምስተኛውም ይነሣል። አራተኛው ግን ከጠረጴዛው ጋር የተሰፋ ይመስል ንቅንቅ አይልም። ይህ ስንፍና አይደለም። ጣቶችን ወደ ላይ የሚስቡት ጡንቻዎች የሚገኙት በጣቶቹ ውስጥ ሳይሆን በክንድ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥተው ወደ ጣቶች የሚዘልቁት ጅማቶች በእጅ ጀርባ ላይ በቀጫጭን ማያያዣዎች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ሁለተኛውና አምስተኛው ጣት ከጋራው ጡንቻ ሌላ የየራሳቸው ተጨማሪ ማንሻ ሲኖራቸው አራተኛው ግን ይህ የለውም። ማያያዣውን ደግሞ በልምምድ ብዛት ማላላት አይቻልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ይህን የተረዱ ሐኪሞች የሙዚቀኞችን ማያያዣ በቢላ እስከ መቁረጥ ደርሰው ነበር፤ ሥራውንም «የቀለበት ጣትን ነጻ ማውጣት» ብለው ጠሩት። ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማን ጣቱን በመሣሪያ ለማሠልጠን ሞክሮ ነበር፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይም የቀኝ እጁ በመጎዳቱ ፒያኒስት የመሆን ተስፋው ተቆረጠ። የጉዳቱ ትክክለኛ መንስኤ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ልክ አይሆንም፤ ነገር ግን ዛሬም ለጀማሪዎች ባለ ሞላ የጣት ማጠንከሪያ ግዙ የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት መልካም ነው።

ሌላውና የከፋው ስሕተት ነጻነትን ከጥንካሬ ጋር ማምታታት ነው። የፒያኖን አንድ ቁልፍ ቀስ አድርጎ ለማውረድ የሚያስፈልገው ክብደት 50 ግራም ገደማ ነው፤ የአንድ ዕንቁላል ያህል ማለት ነው። ቁልፉ ወደ ታች የሚጓዘው ርቀትም 10 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለዚህ የሚሆን ጉልበት የሕፃን ጣትም አያጣም። ከዚህም በላይ ቁልፉ መጨረሻ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በፒያኖው ውስጥ ያለው መዶሻ ከሚገፋው አካል ተላቅቆ በራሱ ተወርውሮ አውታሩን ይመታል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ቁልፉን አምርሮ መጫን ለድምፁ አንዳች አይጨምርለትም፤ ተጫዋቹን ግን ያደክማል።

ይህን ለማስረዳት ከቡና መውቀጫ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መውቀጥ የለመደች ሴት ዘነዘናውን ወደ ታች አትገፋውም። አንሥታ ትለቀዋለች፤ ቡናውን የሚያደቀው የዘነዘናው የራሱ ክብደት ነው፤ እጇ አቅጣጫውን ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ የለውም። ያልለመደ ሰው ግን ዘነዘናውን አንቆ ይይዛል፤ ይገፋል፤ ሙቀጫው ሥር ከደረሰ በኋላም መጫኑን አይተውም፤ ብዙ ሳይቆይ መዳፉ ይላጣል፣ ትከሻው ይዝላል፣ ቡናውም ገና እንደተፈረካከሰ ይቀራል። በፒያኖም ዘነዘናው ክንድ ነው፤ ጣት ደግሞ የዘነዘናው ጫፍ ነው። ጫፉ እንዳይታጠፍ መጽናት ይኖርበታል እንጂ ብቻውን እንዲወቅጥ የሚጠብቅበት ሰው የለም። በአንድ ሙቀጫ ሁለት ሴቶች እየተቀባበሉ ሲወቅጡ ያየ ሰው ደግሞ የቀረውን ይረዳል፤ አንደኛዋ ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች፤ የመጀመሪያዋ በጊዜው ካላነሣች ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። ጀማሪው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ጣት ሲሻገር ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው የሚሰሙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሦስተኛው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ሁለተኛው በጊዜው ስላልለቀቀ ነው። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ፦ ዘነዘና ከፍ ብሎ ካልተነሣ አይወቅጥም፤ ጣት ግን ለዚህ ደረጃ ቁልፉን እንደነካ ሆኖ ተራውን ቢጠብቅ ይበቃዋል።

እንግዲህ የጣት ነጻነት ማለት አንዱ ጣት ሲሠራ ሌሎቹ ሥራ መፍታት መቻላቸው፣ የሠራውም ጣት ሥራውን እንደጨረሰ ወዲያው መልቀቁ ነው። የሚማረው ጡንቻው ሳይሆን ትእዛዝ የሚሰጠው አእምሮ ነው። አንዲት ጎልማሳ ተማሪዬ ከዶ እስከ ሶል ያሉትን አምስት ኖታዎች ስትጫወት፣ አራተኛው ጣቷ ፋ ላይ ባረፈ ቁጥር ትንሿ ጣቷ ሽቅብ ቀጥ ብላ ትቆም ነበር፤ በእጇ ጀርባ ላይም ጅማቱ ተገትሮ ይታይ ነበር። ስለ አራተኛው ጣት ምንም አልነገርኳትም። ፋን ከተጫወተች በኋላ ቁልፉን እንደያዘች እንድትቆይ፣ ክንዷንም በጥቂቱ ወደ ቀኝ አስጠግታ ከአራተኛው ጣት ጋር በአንድ መስመር እንድታደርገው፣ ከዚያም ትንሿ ጣት በራሷ ክብደት ወርዳ ሶል ላይ እስክታርፍ እንድትጠብቅ ብቻ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ላይ ጣቲቱ እስክትወርድ ረጅም ትንፋሽ ያህል ይፈጅ ነበር። ከዚያ እያጠረ ሄደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንኛውንም ጣት ለማጠንከር አንድም ልምምድ አልሰጠኋትም።

ሃኖንን የሚያነሣብኝ አይጠፋም። ፈረንሳዊው የፒያኖ መምህር ሻርል-ልዊ ሃኖን እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተማቸው 60 ልምምዶች አምስቱንም ጣቶች እኩል ማጠንከርን ግብ አድርጎ ተነሥቷል፤ ጣቶች ከፍ ተደርገው እንዲነሡም አዝዟል። ኖታዎቹ በራሳቸው ጉዳት የላቸውም፤ በዝግታና በመልቀቅ ቢጫወቷቸው ይጠቅማሉ፤ ጉዳቱ ያለው በመመሪያው ላይ ነው። ፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፓን ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ሳይጨርሰው በተወው የማስተማሪያ ረቂቁ ላይ፣ ጣቶችን እኩል ለማድረግ መሞከር ከተፈጥሮ ጋር መጣላት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ጣት የራሱ አሠራር ስላለው ይህን ማጥፋት ሳይሆን ማሳደግ እንደሚሻል ጽፎ ነበር። ተማሪዎቹንም በመጀመሪያ ሦስቱን ረጃጅም ጣቶች በጥቁሮቹ ቁልፎች፣ አጫጭሮቹን አውራ ጣትና ትንሿን ጣት በነጮቹ ላይ ያስቀምጥ ነበር። እጅ በዚያ አቀማመጥ ሳይጨናነቅ ቅርጹን ይይዛል። ዛሬም ለጀማሪ ከዶ ማስጀመር የተለመደው ለኖታ ንባብ ስለሚቀል እንጂ ለእጅ ስለሚመች አይደለም።

ጡንቻ ምንም ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም፤ ለዓመታት የተጫወተ ሰው ጽናት ያዳብራል፤ ረጃጅም ሥራዎችም ይህን ይጠይቃሉ። ነገር ግን ይህ የሚመጣው ከመጫወቱ ጋር ነው፤ ጀማሪን አያሳስበውም። የጣታቸው መገጣጠሚያ ከልክ በላይ ወደ ኋላ የሚታጠፍባቸው ተማሪዎች ደግሞ የጣት ጫፍን ማጽናት ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ልጆችም እንዲሁ። ሕመም ወይም መደንዘዝ ከተሰማ ልምምዱ እዚያው ይቁም፤ ከቀናት ዕረፍት በኋላም ካልተወ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በአገራችን አብዛኛው ጀማሪ የሚለማመደው በፒያኖ ሳይሆን ቁልፎቹ ቀላል በሆኑ ኪቦርዶች እንደሆነም አልዘነጋሁም። በእንዲህ ያለው ኪቦርድ ላይ የክንድ ክብደትን ስሜት መማር አይቻልም፤ አንዳንዶቹ ቁልፉ ቀስ ተብሎ ቢነካም በኃይል ቢመታም የሚሰጡት ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። መልቀቅን ግን በእነርሱም ላይ መማር ይቻላል፤ የመደራረቡ ድምፅ በፒያኖ የሚሰማውን ያህል ይሰማልና፣ ለዚህ ሲባል ቶሎ የማይከስመውን የኦርጋን ድምፅ መርጦ፣ አጃቢ ምቱን አጥፍቶ፣ በዝግታ ከአንድ ጣት ወደ ቀጣዩ መሻገር ነው።