የዴስክቶፕ ኬዝ የአየር ዝውውር፣ ፋኑ ወዴት ይንፋ?

ኮምፒውተር የሚበላው መብራት በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። ጌም ላይ ሆኖ 400 ዋት የሚስብ ዴስክቶፕ በቃ ጠባብ ሳጥን ውስጥ የተዘጋበት 400 ዋት ማሞቂያ ነው፣ ልዩነቱ ይሄኛው ማሞቂያ ጌምም ያጫውታል። ብዙ ሰው ታድያ ሲግልበት መጀመሪያ ሚያስበው ትልቅ የሲፒዩ ኩለር፣ የዋናው ቺፕ ማቀዝቀዣ ማለት ነው፣ መግዛት ነው፣ ግን ኩለሩ ሙቀቱን ከቺፑ ላይ አንስቶ ኬዙ ውስጥ ላለው አየር ያስረክባል እንጂ ከሳጥኑ አያወጣውም፣ የግራፊክስ ካርዱ ፋኖችም እንደዛው። ማውጣት የኬዝ ፋኖቹ ስራ ነው፣ እነሱ ካልሰሩ ኩለሩ ራሱ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ይውላል፣ ያኔ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ትርጉም የለውም።

ትንሽ ሂሳብ እዚ ጋ ይጠቅማል። ፋን የሚያንቀሳቅሰው አየር ሚለካው በሲኤፍኤም ነው፣ በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ አየር እንደማለት፣ 1 ሲኤፍኤም በደቂቃ ወደ 28 ሊትር ይሆናል። ያ 400 ዋት ሳጥን ውስጥ በእውነት 50 ሲኤፍኤም አየር ካለፈ የሚወጣው አየር ከገባው በ14 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ 100 ካለፈ በ7፣ 200 ካለፈ ደሞ በ3 ተኩል። የመጀመሪያው እጥፍ 7 ዲግሪ አወረደ፣ ሁለተኛው 3 ተኩል ብቻ፣ ሶስተኛው 2 ዲግሪም አይሞላም። ለዛ ነው ከ1 ፋን ወደ 3 መሄድ ወዲያው ሚታወቀው፣ ከ6 ወደ 9 መሄድ ግን ባብዛኛው ጩኸትና ቀለማት ያለው መብራት መጨመር የሚሆነው። ደሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሲኤፍኤም ከፊቱም ከኋላውም ምንም ሳይጋረድ የተለካ ነው፣ ፊልተርና የተቦረቦረ ቆርቆሮ ሲመጣበት ይወርዳል። እና የትኛውም ፋን ከክፍሉ ሙቀት በታች አያወርድም፣ ክፍሉ 32 ዲግሪ ከሆነ ሂሳቡ ከ32 ነው ሚጀምረው።

አሁን ወደ አቅጣጫው። ፋን ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ክንፎቹ ክፍት ሆነው ሚታዩበት ነው፣ ሌላው ደሞ መሀል ያለውን ሞተር ከፍሬሙ ጋር የሚይዙ 3 ወይ 4 ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች ያሉበት። አየሩ በክፍቱ በኩል ይገባል፣ እግሮቹ ባሉበት በኩል ይወጣል። አንዳንዱ ፋን ፍሬሙ ጎን ላይ ሁለት ቀስት አለው፣ አንዱ ክንፉ ወዴት እንደሚዞር ሌላው አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል፣ ሁለቱን አለማምታታት ነው። ይሄ ህግ ግን አሁን አሁን ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ቆንጆው ፊት ወደ ውስጥ እንዲታይ ተብሎ ክንፋቸው ተገልብጦ የተሰሩ ፋኖች መጥተዋል፣ እነሱ በእግሩ በኩል ስበው በክፍቱ በኩል ይነፋሉ። ስለዚ ከመገመት ኮምፒውተሩን አብርቶ ቁራጭ ሶፍት ከውጪ በኩል ማስጠጋት ይሻላል፣ ሶፍቱ ከተለጠፈ ያስገባል፣ ከተገፋ ያስወጣል፣ አለቀ። አንዳንዱ ገመዱን በማገላበጥ ፋኑን ወደ ኋላ ሊያዞር ይሞክራል፣ አይሆንም፣ እነዚ ሞተሮች የሚዞሩበት አቅጣጫ በውስጣቸው ባለው ሰርኪዩት የተወሰነ ነው፣ ገመድ ማገላበጥ ፋኑን ሊያቃጥለውም ይችላል። መፍትሄው ካቻቢቴ ነው፣ 4ቱን ብሎን ፈቶ ፋኑን ማዞር።

የተለመደው መንገድ ከፊት አስገብቶ ከኋላና ከላይ ማስወጣት ነው። ይሄ የመጣው ሁሉም ነገር ከሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ፣ አቀማመጥ ነው፣ ኢንቴል በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ ስታንዳርድ ሲፒዩው ወደ ላይና ወደ ኋላ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ከኋላ ያለው አስወጪ ፋን ፊት ለፊቱ ነው ማለት ይቻላል። ኢንቴል በ2004 ቢቲኤክስ የሚባል ሌላ አቀማመጥ፣ አየር ከፊት ገብቶ ቀጥታ ሲፒዩውን እንዲያገኝ የታሰበ፣ አምጥቶ ነበር፣ ገበያው አልተቀበለውም፣ ቀረ። "ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይ ማስወጣት ግዴታ ነው" የሚለውን በየቦታው ትሰማላችሁ፣ እውነት ነው ይወጣል፣ ግን ያ ጉልበት በጣም ደካማ ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚዞር አንድ 120 ሚሊሜትር ፋን ያሸንፈዋል። ከላይ ማስወጣት ጥሩ የሆነው በተፈጥሮ ህግ ሳይሆን መንገዱ ስለሚመች ነው።

የአየር ዋና ጸባይ አቋራጭ መውደዱ ነው። መግቢያና መውጫ ጎን ለጎን ከሆኑ የገባው አየር የሞቀውን ነገር ሳይነካ በቅርቡ ቀዳዳ ሹልክ ይላል። በጣም የተለመደው ስህተት ከላይ፣ ወደ ፊት በኩል ባለው ቦታ፣ አስወጪ ፋን ማሰር ነው፣ ይሄ ፋን ከፊት የገባውን ንጹህ አየር ሲፒዩ ኩለሩ ሳያገኘው ነጥቆ ያወጣዋል። ከላይ አንድ ፋን ብቻ ሚታሰር ከሆነ ወደ ኋላ በኩል ይሁን። የሲፒዩ ኩለሩ ራሱ ታወር (እንደ ግንብ ቆሞ ፋኑ ጎኑ ላይ የሚታሰር) ከሆነ ፋኑ ወደ ኋላው አስወጪ እንዲነፋ ነው ሚታሰረው፣ ተገልብጦ ታስሮ ሁለቱ ፋኖች ፊት ለፊት እየተናፉ የሚገኙበት ኬዝ ሚገርም ብዛት አለው።

ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ኬዝ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። 3 ፋን ከኋላው ተደርድሮ አየር የሚያገኘው በጎን ባለች ጠባብ ክፍተት ከሆነ ፋኖቹ ታፍነው ነው ሚውሉት። ወንፊት የመሰለ ፊት ያለው ርካሽ ኬዝ ብዙ ጊዜ ከውድ መስታወት ይበልጣል፣ መልኩ ባያምርም። ራዲያተር (ባለ ውሃ ኩለር ሙቀቱን የሚበትንበት ክፍል) ወይ ጠቅጠቅ ያለ ፊልተር ላይ ለሚታሰር ፋን ደሞ ከሲኤፍኤሙ ይልቅ ስታቲክ ፕሬዠር የሚባለውን ማየት ያስፈልጋል፣ ሲጋረድበት ገፍቶ የማለፍ አቅሙ እንደማለት ነው፣ በሚሊሜትር ውሃ ይጻፋል።

ፖዘቲቭ ፕሬዠርና ነጌቲቭ ፕሬዠር ሚባለው ክርክር ከሚገባው በላይ ተጋኗል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ፖዘቲቭ ነው፣ ትርፉ በየቀዳዳው ወደ ውጪ ይገፋል፣ የሚወጣው ሲበልጥ ደሞ ኬዙ በየስንጥቁ አየር ይጠጣል፣ አቧራውንም አብሮ። የሙቀት ልዩነታቸው ባብዛኛው ትንሽ ነው፣ የአቧራው ግን ትልቅ ነው፣ ስለዚ መግቢያዎቹ ላይ ፊልተር ካለ ትንሽ ወደ ፖዘቲቭ ማድላት ይሻላል። የፋን ብዛት ቆጥሮ መወሰን ግን ያሳስታል፣ በፊልተር የታፈኑ 3 አስገቢዎች ክፍት ከሆኑ 2 አስወጪዎች ጋር እኩል ሊሆኑ ይችላሉ።

ግራፊክስ ካርድ ዛሬ የሙቀቱ ዋና ምንጭ ነው፣ አርቲኤክስ 4090 ለብቻው 450 ዋት ነው የተመደበለት። ድሮ በብዛት የነበረው ብሎወር ካርድ ሙቀቱን በኋላ በኩል ከኬዙ ያስወጣ ነበር፣ ይጮሃል ግን ያስወጣል፣ አሁን ያሉት ባለ 2ና ባለ 3 ፋን ካርዶች ግን አብዛኛውን እዛው ኬዙ ውስጥ ነው ሚበትኑት። እንግዲህ ከፊት ዝቅ ብሎ የታሰረ ፋን ወይ ከታች ወደ ላይ የሚነፋ ፋን ለካርዱ በቀጥታ ንጹህ አየር ያደርስለታል። ፓወር ሰፕላዩ ከታች ከሆነና ኬዙ ስር ቀዳዳና ፊልተር ካለ ፋኑ ወደ ታች ይሁን፣ ኬዙ ምንጣፍ ላይ ከሚቀመጥ ግን ወይ ጠፍጣፋ ነገር ከስሩ ማድረግ ወይ ወደ ላይ ማዞር ነው።

ባለ ውሃ ኩለር ራዲያተር ከላይ አስወጪ ሆኖ ቢታሰር ሲፒዩው ትንሽ ይሞቃል ግራፊክስ ካርዱ ይቀዘቅዛል፣ ከፊት አስገቢ ቢሆን ተገላቢጦሽ። ጌም ለሚጫወት ከላይ ይመረጣል ባይ ነኝ። ከፊት ከታሰረም የራዲያተሩ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ይበል፣ ውስጥ ያለው የአየር አረፋ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስለሚሰበሰብ ፓምፑ ውስጥ ከገባ መንጫጫት ይጀምራል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ባለ 3 ፒን ፋን ቮልቴጁን በመቀነስ ነው ሚዘገየው፣ ባለ 4 ፒኑ ግን 12 ቮልቱ እንዳለ ሆኖ በ4ኛው ገመድ ፒደብልዩኤም በሚባል ቶሎ ቶሎ በሚበራና በሚጠፋ ሲግናል ይታዘዛል። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱት አየሩ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚበላው ሀይል ግን ወደ 8ኛ እጅ ይወርዳል፣ ጩኸቱም በጣም፣ ለዛ ነው ቀስ ብለው የሚዞሩ 2 ፋኖች ከሚያብድ 1 ፋን ሚሻሉት። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ የኬዝ ፋኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት የሲፒዩውን ሙቀት ነው፣ ሲፒዩ ደሞ ብሮውዘር በተከፈተ ቁጥር ለሰከንድ ዘሎ ስለሚመለስ ፋኖቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ያናድዳሉ፣ ስቴፕ አፕ የሚለውን፣ ፋኑ ፍጥነቱን ለመጨመር የሚወስደውን ሰአት፣ ጥቂት ሰከንድ ማርዘም ያስታግሰዋል።

ችግሩ ኬዙ ይሁን ኩለሩ ለመለየት አንድ ነገር በቂ ነው፣ ጌም ወይ ከባድ ስራ ላይ 20 ደቂቃ አቆይቶ ሙቀቱን መጻፍ፣ ከዛ የጎኑን ሽፋን አውልቆ በዛው ስራ እንደገና መለካት። 7 ወይ 10 ዲግሪ ከወረደ ኬዙ አየር አጥቷል ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ፋን መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፣ ምናልባት ኩለሩ በደንብ አልተቀመጠም ወይ በቺፑና በኩለሩ መሀል የሚቀባው ፔስት ደርቋል። ሽፋኑን እንደተወለቀ መተው ግን መፍትሄ አይደለም፣ አቧራው ፊልተር ሳያገኘው ይገባል፣ አንዳንዴ ደሞ የፊቶቹ ፋኖች መንገድ ስለሚበላሽ አንዱ ክፍል ሲቀዘቅዝ ሌላው ይሞቃል።

አቧራ ሲጸዳ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ክንፉ በጣት ተይዞ ነው አየር ሚነፋበት፣ ካልተያዘ ፋኑ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ቤሪንጉ ይጎዳል።