አልማዝ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሰርተፍኬቱ ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?

አልማዝ ካርበን ነው። እርሳስ ውስጥ ካለው ጥቁር ግራፋይት ጋር አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ የሚለያቸው አተሞቹ የተያያዙበት መንገድ ብቻ ነው። የተፈጥሮ አልማዝ አብዛኛው ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከመሬት በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ላይ ተሠርቶ፣ ኋላ የቀለጠ ዓለት ጠራርጎ ወደ ላይ ያወጣው ነው። ሻጮች ይህን ታሪክ ይወዱታል፣ እውነትም ነው። ገንዘብ ልታወጡ ስትሉ ግን የሚጠቅማችሁ ሁለት ጥያቄ ነው። ድንጋዩ ምን ያህል ጥሩ ነው? ከየትስ መጣ? ብዙ ገዢ ሰርተፍኬት ሲሰጠው ሁለቱም የተመለሱለት ይመስለዋል። አልተመለሱም። ወረቀቱ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ድሮ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ አጠራር ነበረው። አንዱ “ኤ” ሲል ሌላው “ድርብ ኤ” ይላል፣ ማን ይከራከረዋል? በ1931 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ጂአይኤ የተባለው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ነው በኋላ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን ደረጃ ያወጣው። የቀለም ደረጃው ከ“ዲ” የሚጀምረውም ለዚህ ነው፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ በየሱቁ ትርጉማቸው ተምታቶ ስለነበር አዲሱ ሥርዓት ከእነሱ ጋር እንዳይደባለቅ ታስቦ ነው። መለኪያዎቹ አራት ናቸው፦ ክብደት፣ ቀለም፣ ንጽህና እና አቆራረጥ።

ክብደቱ በካራት ነው። 1 ካራት 0.2 ግራም ነው፣ ይኸው። ስሙ ካሮብ ከሚባለው ዛፍ ዘር የመጣ ነው፤ በ1907 ነው በዓለም አቀፍ ደረጃ ልኩ የተቆረጠለት። እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ያምታታል። ለወርቅ “18 ካራት” ስንል ከ24 እጅ 18ቱ ንጹህ ወርቅ ነው ማለታችን ነው፤ ለአልማዝ ግን ካራት ክብደት እንጂ ጥራት አይደለም። ስፋትም አይደለም። በደንብ የተቆረጠ ክብ የ1 ካራት አልማዝ ከላይ ሲታይ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከታች ወፍሮ የተቆረጠው ግን ያንኑ እየመዘነ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ክብደቱ ሆዱ ውስጥ ተደብቋል፣ እናንተ ግን ከፍላችሁበታል። ሌላው ነገር ዋጋ እኩል እየተራመደ አይወጣም። ግማሽ፣ 1፣ አንድ ተኩል ላይ ሲደርስ ይዘላል። 0.92 ካራት የሆነውንና 1 ካራት የሞላውን ጣት ላይ አድርጋችሁ በዓይን ለዩ ብትባሉ የምትለዩ አይመስለኝም፤ የዋጋ ልዩነታቸው ግን በደንብ ይሰማል። ደግሞ “ጠቅላላ 1 ካራት” የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። ያ የብዙ ትናንሽ ድንጋዮች ድምር ነው፣ ከአንድ ባለ 1 ካራት ድንጋይ ጋር በዋጋ አይገናኝም።

ቀለም ከዲ እስከ ዜድ ይወርዳል። ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ቀለም አልባ የሚባሉት ናቸው፣ ከጂ እስከ ጄ ያሉት ደግሞ ወደዚያ የሚጠጉ። ቢጫነቱን የሚያመጣው በብዛት ናይትሮጅን ነው። ባለሙያዎቹ ድንጋዩን ገልብጠው፣ ከመለኪያ ድንጋዮች ጎን አስቀምጠው ነው የሚለዩት፤ እጅ ላይ ሆኖ፣ ከላይ ሲታይ ጉዳዩ ሌላ ነው። በተለይ ቢጫ ወርቅ ላይ ልታስሩት ከሆነ ለዲ መክፈል ብዙም አይታየኝም፣ ወርቁ ራሱ ቢጫነቱን ያበድረዋልና። ይህ ሁሉ ግን ለነጭ አልማዝ ነው። ደማቅ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሒሳቡ ተገልብጦ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ዋሽንግተን በሚገኘው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የተቀመጠው 45.52 ካራቱ የሆፕ አልማዝ ሰማያዊነቱን ያገኘው ውስጡ ካለ ጥቂት ቦሮን ነው።

ንጽህና ደግሞ ውስጡ ያሉትን ስንጥቆች፣ ነጠብጣቦችና የተያዙ ክሪስታሎች ነው የሚቆጥረው። ደረጃው የሚሰጠው 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ነው። ልብ በሉ፣ 10 እጥፍ! ማንም ሰው ቀለበታችሁን በማጉያ አያየውም። ከላይኛዎቹ ደረጃዎች፣ እንከን የለሽ ከሚባለው እና ከቪቪኤስ (እጅግ በጣም ጥቂት እንከን ያለው)፣ ወደ ቪኤስ (በጣም ጥቂት እንከን ያለው) ስትወርዱ በዓይን የምታጡት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኤስአይ (ጥቂት እንከን ያለው) ላይ እንኳ ጉድለቱ ዳር ላይ ከሆነና ጥቁር ካልሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከደረጃው ይልቅ ቦታው ይበልጣል። መሀል ላይ የተቀመጠ ጥቁር ነጥብ ያናድዳል፤ ጠርዙ ጋ የደረሰ ስንጥቅ ደግሞ ለመሰበር በር ይከፍታል። አዎ፣ አልማዝ ይሰበራል። በጥንካሬ መለኪያው በሞስ 10 ቢያገኝም እሱ የሚለካው አለመጫርን ነው፣ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ከተመታ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል።

አሁን ዋናው፦ አቆራረጥ። ሌሎቹን ተፈጥሮ ትሰጣለች፣ ይህን የሰው እጅ ነው የሚሰጠው። ክቡ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጾች አሉት። ማዕዘኖቹ ከተስተካከሉ ከላይ የገባው ብርሃን ውስጡ ተንጸባርቆ ተመልሶ ወደ ዓይናችሁ ይመጣል፤ ካልተስተካከሉ በታች ወይም በጎን ሾልኮ ይወጣና ድንጋዩ ፈዞ ይቀራል። በ1919 ማርሴል ቶልኮውስኪ የተባለ ኢንጂነር ይህን በሒሳብ አስልቶ አሳተመ፣ የዛሬው አቆራረጥም ከዚያ መስመር ብዙ አልራቀም። ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን በትክክል አይቆርጥም? ሻጩ የሚሸጠው በክብደት ነዋ። ጥሬው ድንጋይ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህል ክብደቱን ያጣል፣ ስለዚህ ቆራጩ ከውበትና ከክብደት ለመምረጥ ሁሌ ይፈተናል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከቀለምም ከንጽህናም ቀንሱ፣ ከአቆራረጥ ግን አትቀንሱ። ጂአይኤ ከ“ኤክሰለንት” (እጅግ ጥሩ) እስከ “ፑር” (ደካማ) ያለውን የአቆራረጥ ደረጃ የሚሰጠው ለክብ አልማዝ ነው። ሞላላውንና ሌሎቹን ቅርጾች ግን በዓይናችሁ፣ እያንቀሳቀሳችሁና ከሱቁ መብራት ውጪም አውጥታችሁ ማየት አለባችሁ። የሱቅ መብራት መስታወትንም ያስጌጣል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከሻጩ ነጻ የሆነ ላብራቶሪ ያወጣው ይሁን። ጂአይኤ፣ አይጂአይ እና የአንትወርፑ ኤችአርዲ በሰፊው ይታወቃሉ። ሁሉም ላብራቶሪ እኩል ጥብቅ አይደለም፣ አንዱ ጂ ያለውን ሌላው ኤፍ ሊለው ይችላል። ሱቁ ራሱ ጽፎ የሰጠው ወረቀት ሰርተፍኬት አይባልም። ቁጥሩን ወስዳችሁ ላብራቶሪው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ያው ቁጥር ድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ተጽፏል፣ በማጉያ አሳዩኝ በሉ። ስንጥቁ በመስታወት መሰል ነገር ተሞልቶ ወይም ጥቁሩ ነጥብ በሌዘር ተበስቶ ከሆነም ይነገራችሁ። የተሞላው በተለይ ጥገና ላይ በእሳት ሊበላሽ ይችላል።

በላብራቶሪ የሚሠራው አልማዝ ሐሰተኛ አልማዝ አይደለም። ካርበን ነው፣ ጥንካሬውም ያው ነው፣ በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በልዩ መሣሪያ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1954 ነው በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የሠራው፤ ዛሬ ከጋዝ ላይ በስስ ሽፋን እየተደራረበ የሚያድገውም በብዛት አለ። አልማዝ የሚመስሉት ሞይሳናይትና ዚርኮኒያ ግን ሌላ ናቸው፣ አልማዝ አይደሉም። ሙቀት ብቻ የሚለካው ቀላሉ መፈተሻ ሞይሳናይትን አልማዝ ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል በእሱ ብቻ አትተማመኑ። የላብራቶሪው አልማዝ ዋጋ ባለፉት ዓመታት በጣም ወርዷል። ለመልክ ከሆነ የምትገዙት ትልቅ ዕድል ነው፤ መልሼ እሸጠዋለሁ ካላችሁ ግን ተዉት። (የተፈጥሮውም ቢሆን መልሶ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ከገዛችሁበት በታች ነው፣ ይህን ሻጩ አይነግራችሁም።) “ለአካባቢ ይሻላል” የሚለው ደግሞ ፋብሪካው ኤሌክትሪኩን ከምን እንደሚያገኝ ሳይነገር ባዶ ወሬ ነው።

ከየት መጣ ወደሚለው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በ1990ዎቹ አንጎላና ሴራሊዮን ውስጥ አማፂዎች በአልማዝ ገንዘብ ጦርነት አካሂደዋል። “የደም አልማዝ” የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። በ2000 ደቡብ አፍሪካ፣ ኪምበርሌይ ላይ ውይይት ተጀምሮ በ2003 የኪምበርሌይ ሂደት ሥራ ላይ ዋለ፤ አባል አገሮች ያልተቆረጠ አልማዝ ሲልኩ ሰርተፍኬት ያያይዛሉ። ጥሩ ጅምር ነበር። ችግሩ ትርጉሙ ጠባብ መሆኑ ነው፦ አማፂ ቡድን በሕጋዊ መንግሥት ላይ ለሚያካሂደው ጦርነት የሚውለውን ብቻ ነው የሚያግደው። ወታደር ቆፋሪ ቢገድል፣ ሕጻናት ቢቆፍሩ፣ ወንዝ ቢመረዝ በዚያ ትርጉም ውስጥ አይገባም። በ2008 ዚምባብዌ ማራንጌ ላይ የመንግሥት ኃይሎች ቆፋሪዎችን ሲገድሉ ይህ ክፍተት ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ሂደቱን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ግሎባል ዊትነስ የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅትም በ2011 ጥሎ ወጣ። ስለዚህ ሻጩ “ኪምበርሌይ አለው” ብሎ ሲጨርስ፣ ጨረሰ እንዳይመስላችሁ።

ሰርተፍኬቱም ያልተቆረጠውን ብቻ ነው የሚከተለው። ድንጋዩ ከዚያ ወደ ቆራጮች ይሄዳል። የዓለም አልማዝ አብዛኛው የሚቆረጠው ሕንድ፣ ሱራት ከተማ ነው፤ መንገድ ላይ የተለያየ አገር ድንጋይ ይደባለቃል። ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ደግሞ ድንጋዩን ብቻ አይቶ ይህ የቦትስዋና ነው፣ ይህ የሩሲያ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የታወቀ ምርመራ የለም። የቡድን 7 አገሮች ከ2024 ጀምሮ የሩሲያን አልማዝ ሲከለክሉ የገጠማቸው ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። መነሻውን ማወቅ የሚቻለው ከጉድጓዱ ጀምሮ መዝገብ ሲያዝ ነው። ሻጩን “ጥሬው የወጣበትን አገርና የተቆረጠበትን ቦታ በጽሑፍ ስጠኝ” በሉት፣ ፊቱ ብዙ ይነግራችኋል።

ከደሃ አገር የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። የቦትስዋና መንግሥት ዲ ቢርስ ከተባለው ትልቅ የአልማዝ ድርጅት ጋር እኩል ድርሻ ባለው ኩባንያ ከአልማዝ ትምህርት ቤትና መንገድ ሠርቷል። በእጅ የሚቆፍሩ እጅግ ብዙ ሰዎችም ከዚሁ ነው የሚበሉት፣ የሚደርሳቸው ትንሽ ቢሆንም። አገሩን በሙሉ ከመሸሽ ይልቅ የትኛው ማዕድን ማውጫ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ በትልቁ ድንጋይ ዙሪያ የሚደረደሩት ደቃቅ አልማዞች። አብዛኛውን ጊዜ ለእነሱ የየራሳቸው ሰርተፍኬት አይወጣም፤ ወጪው ከዋጋቸው ይበልጣላ። በጅምላ ስለሚሸጡ የላብራቶሪው ከተፈጥሮው ጋር ተቀላቅሎ የሚገኘውም፣ መነሻው በቀላሉ የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው። ስለ ትልቁ የጠየቃችሁትን ሁሉ ስለ ደቃቆቹም ጠይቁ፣ መልሱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።